ዝናቡን፣ ቡናውንና ወፉን መመዝገብ፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

የዜጎች ሳይንስ ማለት ተራው ሰው በአካባቢው ያየውን በሥርዓት መዝግቦ ለምርምር የሚያቀብልበት መንገድ ነው። ስለዚህ ጉዳይ ከጅማና ከአካባቢዋ ከደረሱኝ ጥያቄዎች የተወሰኑትን ዛሬ እመልሳለሁ።

ማና ወረዳ የቡና ማሳ አለኝ። ቡናው ያበበበትን ቀን በየዓመቱ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ልጆቼ «ምን ያደርግልሃል?» ይሉኛል። እውነት ለሰው ይጠቅማል?

በጣም ይጠቅማል አባቴ። ደብተሩን እንዳይጥሉት። ቡና በጋውን እምቡጡን ይዞ ይቆያል። ደህና ዝናብ ሲያገኝ ከ8 እስከ 10 ቀን ገደማ ቆይቶ በአንድ ጊዜ ያብባል። አበባው ደግሞ ሁለት ሦስት ቀን ቢቆይ ነው። ከዋንዛና ከሳሳ ጥላ ሥር ያለን አበባ ሳተላይት በቀላሉ አያየውም። ተመራማሪም በየማሳው ሊያድር አይችልም። ያንን ቀን የሚያውቀው እዚያው ያለ ሰው ነው። ዝናቡ ሲዛባ ቡናው እንዴት እንደሚሆን ማወቅ የሚቻለውም እንዲህ ዓይነት የብዙ ዓመት መዝገብ ሲኖር ነው።

ከእንግዲህ ከአበባው ቀን ጎን ዝናቡ የጣለበትን ቀን ይጻፉ። የትኛው ማሳ እንደሆነና ጥላ እንዳለው፣ እንደሌለውም ይጨምሩ። የድሮውን አያርሙ። የተዘለለ ዓመት ካለ ባዶ ይተዉት፤ በግምት አይሙሉት። ልጆችዎ እያንዳንዱን ገጽ በስልክ ፎቶ ያንሱልዎትና መልኮ ወዳለው የግብርና ምርምር ማዕከል ወይም ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ግብርና ኮሌጅ ጎራ ይበሉ።

ለልጆችዎም ይህን ይንገሯቸው። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ በአገራችን ሲታይ ፍሬው በአረንጓዴነቱ እየጠቆረ ይረግፍ ጀመር። መፍትሔው የተገኘው በሽታው በበረታበት ቦታ ጤነኛ ሆነው የቆሙትን እናት ዛፎች በመፈለግ ነው። ዛሬ በየማሳው ያሉት 74110 እና 74112 የሚባሉት የቡና ዝርያዎች የዚያ ፍለጋ ውጤት ናቸው። ቁጥሩ የሚጀምርበት 74 የተመረጡበት ዓመት ነው፤ እ.ኤ.አ. 1974። እርስዎም ጎረቤቱ ሁሉ ሲታመም ደህና የቆመ ዛፍ ካዩ ምልክት አድርገውበት ይመዝግቡት።

የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፣ ፈረንጅ አራዳ። ስማርት ስልክ የለኝም። ምን ልሥራ?

ዝናብ ለካ። ጎኑ ቀጥ ያለ ባዶ ሃይላንድ ፈልግ። አናቱን ቆርጠህ ገልብጥና እንደ ማጥለያ መልሰህ ክተትበት። ሥሩ ጎርባጣ ስለሆነ ጠጠር ጨምርበትና ቀጥ ያለው ጎን እስኪጀምር ውሃ ሙላው። ያ መስመር ዜሮ ነው። ከዚያ ወደ ላይ በማስመሪያ ሚሊ ሜትር ምልክት አድርግ። ከጣሪያና ከዛፍ ራቅ አድርገህ ነፋስ እንዳይጥለው አጥብቀህ አቁመው።

ሁልጊዜ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ አንብብ። ከዚያ ውሃውን መልሰህ ዜሮው መስመር ላይ አድርሰው፤ በበጋ ፀሐይ ስለሚመጠው በየቀኑ ተመልከተው። 1 ሚሊ ሜትር ማለት በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ 1 ሊትር ውሃ ማለት ነው። አደራ የምልህ አንድ ነገር ነው፦ ያልዘነበ ቀን 0 ብለህ ጻፍ። ባዶ ከተውከው አልዘነበም ይሁን ረስተኸው ይሁን ማንም አያውቅም። ብዙ መዝገብ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ከሄርማታና ከአጂፕ ጓደኞች ካሉህ እነሱም ይለኩ። በአንድ ከተማ ውስጥ ዝናብ አንዱን ሰፈር አጥቦ ሌላውን ሲዘለው ታያላችሁ።

ግቢያችን ያለው በርሜል ውስጥ ትል መሳይ ነገር ይንቀሳቀሳል። የወባ ትንኝ ነው? ለማን ልናገር?

የትንኝ እጭ ይመስላል። ትንሽ ውሃ በነጭ ሳህን ቅጂና ሳትነኪው ተመልከቺ። የወባ ትንኝ እጭ ከውሃው ገጽ ጋር ጠፍጣፋ ብሎ ይተኛል። ጭንቅላቱን ወደ ታች አድርጎ በጭራው በኩል ባለ መተንፈሻ ቱቦ ከተንጠለጠለ ሌላ ዓይነት ነው።

የናሳ «ግሎብ ኦብዘርቨር» የሚባል ነፃ አፕ አለ። እጩን ፎቶ አንስተሽ ቦታውን ጨምረሽ ትልኪያለሽ። ቀላል ነገር እንዳይመስልሽ። እ.ኤ.አ. በ2020 ማዳጋስካር፣ አንታናናሪቮ ከተማ ውስጥ በዚሁ አፕ የተላከ የእጭ ፎቶ ነበር፤ ጎማ ውስጥ የተገኘ። በኋላ ተመራማሪዎች ሲያዩት አኖፊለስ ስቴፈንሲ ሳይሆን አይቀርም ብለው ጠረጠሩ። ይህ ትንኝ በከተማ ሮቶና በርሜል ውስጥ የሚራባ የወባ አስተላላፊ ነው። እኛ አገር ሶማሌ ክልል፣ ቀብሪ ደሃር ላይ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው።

ፎቶውን እንዳነሳሽ ውሃውን ድፊው፣ በርሜሉን ፈትገሽ ክደኚው። ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ንገሪያት። ለሳይንስ ተብሎ ትንኝ አይራባም።

መምህር ነኝ። ተማሪዎቼን ይዤ የአዌቱን ወንዝ ብክለት መከታተል እችላለሁ?

ይችላሉ፤ ውድ መሣሪያም አያስፈልግም። ከድንጋይ ሥር ያሉትን ትንንሽ ነፍሳት ቁጠሩ። ጭራቸው ሁለት ሦስት ክር የሆነ፣ በጎናቸው የሚተነፍሱ ስስ ነፍሳት ካሉ ውሃው ደህና ነው። ቀያይ ቀጫጭን ትሎች ብቻ ከቀሩ ኦክስጅን ያነሰው ውሃ ነው። በደቡብ አፍሪካ የተሠራው «ሚኒሳስ» የሚባለው ዘዴ 13 የነፍሳት ምድቦችን ብቻ በመለየት ለወንዙ ነጥብ ይሰጣል። ከከተማው በላይና በታች፣ በተመሳሳይ ወር፣ በተመሳሳይ ቦታ ይሥሩ። ግን ልጆች በባዶ እግር ውሃ ውስጥ አይግቡ፤ ቢልሃርዚያ አለ። ቦቲና ጓንት የግድ ነው።

መረጃውን የሚወስዱት ፈረንጆች ናቸው። ለእኛ ምን ይተርፈናል?

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እኔንም ያሳስበኛል። ሰው ያየውን ዕፅዋትና እንስሳ ፎቶ በሚልክባቸው እንደ «አይናቹራሊስት» ባሉት መድረኮች የፎቶው ባለቤት አንተ ነህ፤ ፈቃዱንም የምትመርጠው አንተ ነህ። ለመጥፋት የተቃረበ ዝርያ ከሆነ ትክክለኛ ቦታው ለሕዝብ አይታይም። የተረጋገጠው መዝገብ ክፍት ስለሆነ የጅማ ተማሪም አውርዶ ጥናት ሊሠራበት ይችላል። ችግሩ የምናወርደው ጥቂቶች መሆናችን ነው። ስለዚህ አንድ ቅጂ ሁልጊዜ እዚህ ይቅር፤ በትምህርት ቤት፣ በቀበሌ፣ በገበሬዎች ማኅበር። ሰብስቦ ሄዶ ውጤቱን ለሰፈሩ ሰው ተመልሶ የማይነግር ፕሮጀክት ከመጣ አለመሳተፍ መብትህ ነው።

ወፍ እወዳለሁ፤ ስማቸውን ግን አላውቅም። ሰዎች ያዩትን ወፍ በሚመዘግቡበት «ኢበርድ» ላይ መግባት እችላለሁ?

ትችያለሽ። ወፉን ለመለየት «ሜርሊን» የሚባለው አፕ መጠኑን፣ ቀለሙንና የት እንዳየሽው ጠይቆ ሊሆኑ የሚችሉትን ያቀርብልሻል። የአካባቢውን ጥቅል በዋይፋይ ካወረድሽ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ጉሮሮው ሥር ቆዳ የተንጠለጠለበት፣ ሲበር ክንፉ ላይ ነጭ የሚታየው፣ በመንጋ እየጮኸ የሚያልፈው ወፍ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ የለም። ከእሱ ጀምሪ። ማለዳ ወደ ቦዬ ረግረግ ውረጂና 15 ደቂቃ ቁመሽ ያየሽውን ሁሉ፣ ቁራውንም ሳይቀር፣ ቁጠሪ። ያልለየሽውን «ያልታወቀ» ብለሽ ጻፊው።