የቪጎ ኦቨርፌንደር፣ የበር ሞልዲንግና አርማ ከቀለም በፊት እንዴት ይነሳል?

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ባጭሩ ልድገመው። ሂሉክስ ቪጎህን ሙሉ ቀለም ልታስቀባ ነው። ቀለም ቀቢው «ምንም ሳናነሳ በወረቀት ሸፍነን እንቀባዋለን» ብሎሃል። አንተ ደግሞ ከጎማው በላይ ያለው የፕላስቲክ ቅስት (ኦቨርፌንደሩ)፣ የበሩ ሞልዲንግ (በበሩ ጎን በአግድም የሚለጠፈው የፕላስቲክ ማስጌጫ) እና የኋላ ስፖንዳው ላይ ያለው አርማ ሳይሰበሩ ተነስተው ይመለሱ እንደሆን ማወቅ ፈልገሃል። አዎ፣ ይነሳሉ፣ ይመለሳሉም። ሸፍኖ መቀባቱን ግን እባክህ አትቀበል። ቀለሙ ሞልዲንጉንና ላሜራውን ጠርዝ ላይ አንድ አድርጎ ያያይዛቸዋል። ፕላስቲክ በፀሐይ ከላሜራ የበለጠ ይለጠጣል፣ በር በተዘጋ ቁጥርም ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ ያ ቀጭን ጠርዝ ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ ውሃ ይገባና ቀለሙ ከዚያ ጀምሮ ይላጣል። ደግሞም ጠርዙ ሥር የተጠራቀመውን አቧራና ሰም የማንም ብርጭቆ ወረቀት አይደርስበትም።

ከማንሳትህ በፊት አንድ ነገር ወስን፦ ኦቨርፌንደሩ ይመለሳል ወይስ ጨርሶ ይቀራል? አብዛኛው የበር ሞልዲንግ በባለ ሁለት ገጽ ፎም ፕላስተር ብቻ የተለጠፈ ስለሆነ ሲነሳ ንጹሕ ላሜራ ይተዋል። ከፋብሪካ የመጣ ኦቨርፌንደር ግን ፓራፋንጎውንና (ከጎማው በላይ ያለውን ላሜራ) የጭነት ሳጥኑን ጎን ቀዳዳ ውስጥ በሚገቡ የፕላስቲክ ክሊፖች ነው የሚይዘው። «ለስለስ ያለ መልክ ይኑረው» ብሎ አውልቆ የሚተው ሰው መደዳውን ቀዳዳ ይዞ ይቀራል፣ ሰፊ ጎማ ካለውም ጭቃው በቀጥታ ወደ በሩ ይረጫል። የቀዳዳውን ነገር ወደ ታች እመለስበታለሁ፤ ብዙ መኪና የሚበላሸው እዚያ ላይ ነው።

ሰዓት ምረጥ። አዲስ አበባ ውስጥ በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ፕላስቲኩ እንደ ደረቅ እንጨት ነው፣ በተለይ ከ10 ዓመት በላይ የደጋ ፀሐይ የመታው። ከረፋዱ 5 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ድረስ፣ መኪናው ፀሐይ ላይ ግማሽ ሰዓት ከቆመ በኋላ ሥራ። በመጀመሪያ ግን በደንብ ይታጠብ። ክሊፑ አጠገብ አሸዋ ካለ ስትስበው ላሜራውን ይፍቀዋል።

ከፊት ኦቨርፌንደር ጀምር። መሪውን እስከ ጥግ አዙረው፤ ጎማውን ብታወልቀው ደግሞ የበለጠ ይመቻል። በፓራፋንጎው ውስጠኛ ከንፈር ዙሪያ ብሎኖች አሉ፤ አንዳንዱ በመስቀል ካቻቢቴ፣ አንዳንዱ በ10 ቁልፍ ይፈታል። ብዛታቸው እንደ ሞዴሉ ስለሚለያይ እየቆጠርክ በስልክህ ፎቶ አንሳቸው። የዛገውን በጉልበት አትፍታው። ደብሊው ዲ 40 ነፍተህ 20 ደቂቃ ጠብቅ፣ መጀመሪያ ሩብ ዙር ወደ ማጥበቂያው፣ ከዚያ ወደ መፍቻው። ወዲያው ካስገደድከው የብሎኑ ራስ ይበላል፣ ወይም ከኋላ ያለው የላሜራ ዳዶ አብሮ ይሽከረከርና መያዣ ታጣለህ።

የውስጡን ጭቃ መከላከያ የያዙት የፕላስቲክ ክሊፖች ሁለት ዓይነት ናቸው፤ ይህን ካላወቅህ ሁሉንም ትሰብራቸዋለህ። አንደኛው መሃሉ ላይ ትንሽ ጠርዝ ያለው ነው፤ መሃሉን በጠፍጣፋ ካቻቢቴ ወደ ውጭ ታነሳውና ሙሉው ይወጣል። ሁለተኛው መሃሉ ለስላሳና ክብ ነው፤ እሱን 2 ወይም 3 ሚሊ ያህል ወደ ውስጥ ትጫነዋለህ፣ ቀጭ ሲል ከዙሪያው ትስበዋለህ። ሁለተኛውን እንደ አንደኛው ለመንቀል ስትታገል ነው መሃሉ የሚቆረጠው። በጣም ከገፋኸው ደግሞ አልፎ ይወድቃል።

ብሎኑ ሁሉ ከወጣ በኋላ ኦቨርፌንደሩን የሚይዙት የተደበቁት ክሊፖች ብቻ ናቸው። ከታችኛው ጫፍ ጀምር። ጣቶችህን ከኋላው አስገብተህ፣ ክሊፑ ካለበት በተቻለህ መጠን ቅርብ ያዝና ቀጥ አድርገህ ወደ ራስህ ሳብ። ወደ ላይ ወይም ወደ ጎን አትጠምዝዘው። ክሊፑ ቢሰበር ርካሽ ነው። የሚያሳዝነው ክሊፑን የሚይዘው ከፕላስቲኩ ጋር አብሮ የተሠራው ጆሮ ሲቆረጥ ነው፤ እሱ ለብቻው አይሸጥም። ጆሮው ከተቆረጠ ቁራጩን አትጣለው፦ በመበየጃ ብረት አቅልጠህ፣ ቀጭን የሽቦ ወንፊት በውስጡ ቀብረህ፣ ላዩን በኤፖክሲ ማጠናከር ይቻላል። ሱፐር ግሉ ብቻውን አይችለውም፤ በመጀመሪያው ጉድጓድ ይለቃል።

ቀዳዳ ውስጥ ተሰብሮ የቀረ ክሊፕ ካለ ወደ ውስጥ አትግፋው፣ ውስጥ ወድቆ ሲንኳኳ ይኖራል። በፒንሳ ያዝና አሽከርክረህ አውጣው። ለመግጠሚያ የሚሆነውን ስትገዛ አሮጌውን ናሙና ይዘህ ሶማሌ ተራ (የመኪና መለዋወጫ ገበያው) ሂድ፣ ከቆጠርከውም 5 ወይም 6 ጨምረህ ግዛ። ቀዳዳውን በካሊፐር ለካ። 8 ሚሊ ቀዳዳ ላይ 7 ሚሊ ክሊፕ ሲያስገቡት ይይዛል፣ መንገድ ላይ ግን ሲርገበገብ ቀለሙን ይበላዋል።

የበሩ ሞልዲንግ ትዕግሥት ይፈልጋል እንጂ ከባድ አይደለም። ከማንሳትህ በፊት ከበሩ የታችኛው ጠርዝ እስከ ሞልዲንጉ ሥር ያለውን ርቀት በሁለቱም ጫፍ በሚሊ ሜትር ለክተህ ወረቀት ላይ ጻፍ፣ ለአራቱም በር። ምልክት ብታደርግ ቀለሙ ያጠፋዋል፤ ልኬቱ ግን ይቀራል። ከዚያ ጠርዙን በፀጉር ማድረቂያ አሙቀው። ሂት ጋን (ኃይለኛ ሙቅ አየር የሚነፋው መሣሪያ) ከሆነ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር አርቀህ ሁልጊዜ እያንቀሳቀስክ። መለኪያው እጅህ ነው፦ መዳፍህን አሳርፈህ 2 ሰከንድ ያህል ብቻ መታገሥ ስትችል ይበቃል። ከዚያ ካለፈ ፕላስቲኩ ይወላገዳል፣ ቀለሙም አረፋ ያወጣል። ጫፉን 5 ሚሊ ያህል አንሳና በስልክ መብራት ወደ ውስጥ እይ። ጥቁር ፎም (ፕላስተሩን) ብቻ ካየህ የዓሣ ማጥመጃ ናይለን ከኋላው አስገብተህ እንደ መጋዝ ወዲህ ወዲያ እየሳብክ ቁረጠው። ወደ ላሜራው የገባ የፕላስቲክ ፒን ካየህ ግን ቁም፤ እስከ ፒኑ ድረስ ብቻ ቆርጠህ ፒኑን ቀጥ አድርገህ ንቀለው። ካቻቢቴ አስገብቶ መፈልቀቅ ላሜራውን ይሰረጉዳል።

መኪናው ከዚህ በፊት ሞልዲንጉ ላይ እንዳለ ተቀብቶ ከሆነ፣ ጠርዙ ላይ የተያያዘውን ቀለም በምላጭ በስሱ ሳትቆርጥ አትሳብ። አለዚያ መዳፍ የሚያህል ቀለም ይዞ ይነሳል።

አርማው ተመሳሳይ ነው፤ ነገር ግን ብዙ አርማ ከኋላው ሁለት ቀጫጭን የማስተካከያ ፒን አለው። ናይለኑ አልሄድ ካለህ ፒኑ ነውና አታስገድደው፤ በሁለቱም በኩል ያለውን ፎም ጨርሰህ ቀጥ አድርገህ ሳበው።

የቀረው ፎም በአውራ ጣት እየተሸከረከረ ይወጣል፤ ሲሞቅ ይቀላል። ሙጫውን በነጭ ጋዝ ወይም በአልኮል በተነከረ ጨርቅ 5 ደቂቃ ሸፍነህ ጥረገው። ቲነር አትጠቀም፦ የፋብሪካ ቀለም ለጥቂት ጊዜ ይችለው ይሆናል፣ ጋራዥ የተቀባ ቀለም ግን ወዲያው ሊቀልጥ ይችላል። ነጭ ጋዝም ሆነ አልኮል ወይም ቤንዚን ከሂት ጋን ጋር በአንድ ቦታ ጨርሶ አይኑር።

አሁን ወደ ቀዳዳው። ኦቨርፌንደሩ የሚመለስ ከሆነ፣ እያንዳንዱን ቀዳዳ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አጽድተህ አንቲረስት (ዝገት መከላከያ ቀለም) ቀባበት። ዝገት የሚጀምረው ክሊፑ ቀለሙን ከፋቀበት ከዚያ ቀጭን ጠርዝ ነውና። የማይመለስ ከሆነ ቀዳዳውን በስቱኮ (ከቀለም በፊት ጉድጓድ በሚሞላው ለጥፍ) ብቻ ሞልቶ የሚቀባልህን ባለሙያ አስቁመው። ስቱኮ እርጥበት ይመጥጣል፣ ከኋላው ያለው ደግሞ ጎማው ሁልጊዜ ውሃ የሚረጭበት ባዶ ቦታ ነው። ከአንድ ክረምት በኋላ በየቀዳዳው ላይ ክብ እብጠት ታያለህ። ትክክለኛው ከኋላ ትንሽ ላሜራ ደግፎ በነጥብ በነጥብ መበየድ፣ ላዩን መፍጨት፣ ከዚያ ስስ ስቱኮ ማድረግ ነው። ብየዳው የውስጡን መከላከያ ስለሚያቃጥለው ከኋላውም አንቲረስት ወይም ሰም ይረጭ። ይህን ካልሠሩልህ ኦቨርፌንደሩን መልሰው፤ ከተደፈነው ቀዳዳ እሱ ይሻላል።

ስትገጥም አትቸኩል። በምድጃ ያልደረቀ አዲስ ቀለም ከውስጡ ሟሟ እያወጣ ስለሚቆይ ቢያንስ 2፣ ቢቻል 4 ሳምንት ይቆይ። ቶሎ የተለጠፈ ሞልዲንግ ቀለሙን ይዞ ይወድቃል። አሮጌውን ፕላስተር ሙሉ በሙሉ አንስተህ 1 ሚሊ ውፍረት ያለው ባለ ሁለት ገጽ የመኪና ፎም ፕላስተር ለጥፍ፤ ስፋቱ ከሞልዲንጉ በየጎኑ 2 ሚሊ ይነስ፣ እንዳይታይ። ሁለቱንም ገጽ በአልኮል በስሱ ጥረግ፣ ቀኑ ሲሞቅ በጻፍከው ልክ አስቀምጠህ ከጫፍ እስከ ጫፍ በአውራ ጣትህ አጥብቀህ ተጫን። በ24 ሰዓት ውስጥ ውሃ አይንካው፣ ሙሉ አቅሙን የሚይዘው በ72 ሰዓት ነው። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ላቫጆ ስትገባ በግፊት የሚረጨውን ውሃ ከሞልዲንጉ ጠርዝ ቢያንስ ግማሽ ሜትር እንዲያርቁት ንገራቸው።