ዳይሱን ትቶ ሄደ

ለእትዬ፣

እንደምን ሰነበቱ? አምድዎን የምታነበው እናቴ ናት። እኔ እጽፋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። አሁን ግን ትዕግሥቴ አልቋል።

የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ስድስት ሆነን እኛ ቤት ጠረጴዛ ከበን እንጫወታለን። የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ በነበረ ጊዜ የጀመርነው ነው። ጨዋታው ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ይባላል። አንዱ ታሪኩን ይመራል። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘው "እንዲህ አደርጋለሁ" ይላሉ፤ መሳካት አለመሳካቱን ዳይስ፣ ማለትም ባለ 20 ፊት የሚንከባለል የቁጥር ጠጠር፣ ይወስናል። መሪው እኔ ነኝ። ዲኤም ይሉኛል።

የፈረንጅ ግንብ ሲሰለቸኝ ዓለሙን ወደ እኛ አገር አመጣሁት። ደጋው ላይ ፈረሰኞች አሉ፤ የአዊን ፈረሰኞች እያሰብኩ ነው የሠራኋቸው። ሐይቁ ላይ የደንገል ታንኳ የሚሠሩ አሉ። ታች ዓባይ በረሃ ደግሞ የቆላ ሰዎች አሉ፤ ጨዋታው ኦርክ የሚላቸውን ጨካኝ ጭራቆች እነሱን አደረግኳቸው። ስንት ሌሊት እንደፈጀብኝ እኔ ነኝ የማውቀው። ካርታውን እንኳ በእጄ ነው የሳልኩት።

ከሦስት ሳምንት በፊት ተጫዋቾቹ ዓባይን ሲሻገሩ አንድ የቆላ ሰው ብቅ አለ። እንዲህ አልኩ፦ "ከሰል የመሰለ ጥቁር፣ አፍንጫው ደፍጣጣ፣ ከጨለማው ውስጥ ጥርሱ ብቻ የሚታይ።" ሁለቱ ሳቁ። አንዷ ልጅ ግን ወረቀቷን አጥፋ "ይሄ ዘረኝነት ነው" አለችኝ። እኔን! ጭቅጭቅ ሆነ። በመጨረሻ "ከዛሬ ጀምሮ የማንም መልክ አይነገር" ብላ አረፈች።

መልክ የሌለው ሰው እንዴት ይተረካል? ጥቁርን ጥቁር ማለት ስድብ ነው እንዴ? እኔስ ብሆን መች ቀይ ሆንኩ? መጽሐፉ ራሱ "ዘር ምረጥ" ይላል እኮ። ደግሞስ ልብ ወለድ ነው። ድራጎን ስንገድል ማንም አልተቆጣም። ሁለት ዓመት የለፋሁበት ነገር በአንድ ዐረፍተ ነገር ሊፈርስ ነው። የቴሌግራም ግሩፑ ላይ እንኳ ማንም አይጽፍም።

አንድ ዝምተኛ ልጅ አለ፤ እሱ ምንም አላለም። ሁልጊዜም እንዲሁ ነው። ገጸ ባሕርይ በለወጠ ቁጥር ፊቱን የሸፈነ ሰው ነው የሚይዘው፤ አንዴ የብረት ቆብ፣ አንዴ ጭምብል። እንስቅበታለን፤ እሱም ይስቃል። እናቱ ከመተከል ናት መሰለኝ፣ ጠይቄው አላውቅም። የዚያን ቀን ቡናው ሳይደርስ "ሥራ አለኝ" ብሎ ወጣ። ዳይሱን ረስቶ ሄደ። እስካሁን እኔ ጋ ነው።

መጥቶ እስኪወስደው ልጠብቅ ወይስ ላድርስለት? ባደርስለትስ ምን እለዋለሁ?

መሪው፣ ከባሕር ዳር

*

ልጄ፣

ዳይሱን አልረሳውም።

ሰው ጃንጥላ ይረሳል። ሁለት ዓመት በየቅዳሜው በመዳፉ ሲያሽ የኖረውን ዳይስ ጠረጴዛ ላይ ትቶ የሚወጣ ግን ሌላ ነገር እየተናገረ ነው።

ደብዳቤህን ሁለቴ አነበብኩት። ስለ ልጅቷ በሰፊው ጽፈሃል። ስለ እሱ ጥቂት መስመር፣ ያውም መጨረሻ ላይ። ጭምብሉን ደግሞ እንደ ቀልድ ነው የነገርከኝ። እስቲ አስበው፦ ሰው የፈለገውን መልክ በሚይዝበት ጨዋታ፣ ክንፍ ማብቀል እንኳ በሚቻልበት፣ ይህ ልጅ በየጊዜው ፊቱን መሸፈን መረጠ። ምናልባት ጭምብል ይወድ ይሆናል። እኔ ግን ፊቱ በእናንተ አፍ እንዲነገር አልፈለገም ብዬ እጠረጥራለሁ። ከሦስት ሳምንት በፊት ደግሞ ሥጋቱ ልክ እንደነበር አሳየኸው።

እኔ ጥቁር ነኝ። እህቴ ቀይ ናት። ፍኖተ ሰላም ልጆች ሳለን እንግዳ ሲመጣ እሷን "ይቺ ቀይዋ፣ ስታምር!" ይላታል። ወደ እኔ ይዞርና "ይቺኛዋስ ማንን መስላ ነው?" ይላል። ክፉ ያሰበ ማንም አልነበረም። እኔ ግን እንግዳ በመጣ ቁጥር ቡና መውቀጥ የምወድ ልጅ ሆንኩ። ሙቀጫው ጓዳ ነበራ። እናቴ "ሥራ ወዳድ" እያለች ታሞግሰኝ ነበር።

ጥቁርን ጥቁር ማለት ስድብ ነው ወይ ላልከው፣ አይደለም። እዚህ ላይ ከልጅቷም ጋር አልስማማም። መልክ አይነገር ከተባለ ተጫዋቹ ሁሉ በልቡ የለመደውን ፊት ይስላል፤ ቆላውም ሐይቁም ደጋ ሆኖ ያርፋል። ያንተ ጥፋት ጥቁር ያልከው እሱን ብቻ መሆኑ ነው። ፈረሰኞችህ መልካቸው ምን ነበር? ታንኳ ሠሪዎቹስ? ለእኔም አልጻፍክልኝም፤ ለተጫዋቾችህም እንዳልነገርካቸው እወራረዳለሁ። ለፈረሰኛው ፈረሱ ተነገረለት። ለቆላው ሰው አፍንጫውና ጥርሱ።

ቃላቱንም እያቸው። አማርኛ አስተምሬ ነው ጡረታ የወጣሁት፣ ታገሰኝ። ሰልካካ ስንል እያመሰገንን ነው። ደፍጣጣ ስንል እየፈረድን ነው። አፍንጫ ምን በደለ? ጎፈሬ ኩራት አለበት፣ ከርዳዳ ንቀት። "ጥቁር ነው ግን መልከ መልካም" የምትባለዋ "ግን" ደግሞ ከሁሉም ትብሳለች። ጥቁር፣ ጠይም፣ የቀይ ዳማ፣ ብስል ቀይ የሚሉት ግን ሰው ስለ ራሱ የሚላቸው ናቸው። ልጇ የጠፋባት እናት በማስታወቂያ "መልኩ ጥቁር፣ ቁመቱ ረዘም ያለ" ብላ ታስነግራለች። ከሰል የመሰለ ብላ ልጇን የምታስፈልግ እናት ግን አታገኝም።

ዘጌ ጎረቤትህ ነው። ኡራ ኪዳነ ምሕረት ገብተህ ሥዕሎቹን አይተሃል? የድሮ ሠዓሊዎቻችን ቅዱሳኑን ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይን ይስላሉ። ክፉዎቹን በጎን፣ በአንድ ዓይን። አንተም የቆላውን ሰው በጎን ነው የሳልከው። ሰውየው ገና ምንም አላደረገም እኮ! ወንዝ ዳር ቆሟል።

ለምን እንዲህ እንደሳልከው ገብቶኛል፤ ኦርክ ስለሆነ ነው። ይህችን በአንዲት ሐረግ አለፍካት። የወንድሜ ልጅ ይህን ጨዋታ ስለሚጫወት ኦርክ ምንድን ነው ብዬ ጠየቅሁት። እ.ኤ.አ. በ2000 በወጣው እትም ግማሽ ኦርክ የሆነ ገጸ ባሕርይ ገና ሲፈጠር ከአእምሮው ነጥብ ይቀነስበት ነበር አለኝ። በ2020 አሳታሚዎቹ ራሳቸው ኦርክን በጅምላ ክፉ አድርጎ መሳል እንደሚተዉ አስታወቁ። አንተ የምትጠቅሰውን "ዘር" የሚለውን ቃልም በ2024ቱ መጽሐፍ "ዝርያ" በሚል ተክተውታል። በ1974 የተወለደ ጨዋታ በሃምሳ ዓመቱ የጣለውን አንተ አንስተህ፣ ተሸክመህ፣ ዓባይ በረሃ አወረድከው። እዚያ ደግሞ ሰው ይኖራል። ጉሙዝ ይኖራል፤ ማሽላ የሚዘራ፣ ልጁን ከተማ ልኮ የሚያስተምር። ድራጎን ዘመድ የለውም። ስትገድሉት ማንም ያልተቆጣው ለዚህ ነው።

እኔ ብሆን እንዲህ እል ነበር፦ "ከማሽላው ውስጥ አንድ ሰው ወጣ። ጥቁር ነው፣ ረጅም፤ ሽበት ጀምሮታል። ትከሻው ላይ የማር ቅል አንጠልጥሏል። እናንተን ከማየቱ በፊት በቅሏችሁ እያነከሰች መሆኗን አየ።" ፈረሰኛውንም እንዲሁ፦ "ብስል ቀይ ነው፤ ፀሐይ አፍንጫውን ልጦታል።" ሽፍታ ካስፈለገህ ከሦስቱም ወገን መልምል። ካርታህን አትቅደደው፣ የተለፋበት ነው። ልጅቷን አመስግናት፤ መፍትሔዋ ባይጥመኝም ቁጣዋ እውነት ነበር።

ወደ ልጁ ልመለስ። ቅዳሜን አትጠብቅ። ስልክም አትደውል፣ ሂድ። ብቻህን ሂድ፤ ቡድኑን ሰብስበህ ሽምግልና እንዳታስመስለው። "ከከፋህ ይቅርታ" እንዳትል፣ እሱ ጥፋቱን መልሶ ለእሱ መስጠት ነው። ስለ ቆላው ሰው ያልከውን ራስህ ጥቀስና "ይህን ማለት አልነበረብኝም" በል። ስለ እናቱ አትጠይቀው። የቆላ ሰው እንዴት እንደሚገለጽ አስተምረኝም አትበለው፤ የመጣው ሊጫወት ነው። ከተመለሰ የገጸ ባሕርዩን መልክ ራሱ ይናገር፤ ይህም ለስድስታችሁም ደንብ ይሁን። ካልተመለሰም ዳይሱ የእሱ ነው፣ በእጁ ስጠው።

ስለ ጭምብሉ ግን አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ።