ከሁለት ሰዓት በታች ካልገባሁ ብተወው አይሻልም?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አሰልጣኝ። ባሕር ዳር የምኖር የባንክ ሠራተኛ ነኝ፤ ዕድሜዬ 34 ነው። ሐዋሳ ላይ በሚካሄደው ግማሽ ማራቶን ለመጀመሪያ ጊዜ ለመሮጥ ተመዝግቤያለሁ፤ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ልምምድ የጀመርኩት በኅዳር መጀመሪያ ነው። ሆኖም በጾመ ነቢያት አቅሜ ወረደ፣ በጥር ሰርግ በዛብኝ፣ ከጥምቀት በኋላ ደግሞ ጉንፋን ሳምንት ሙሉ አስተኛኝ። ለሥራ ባልደረቦቼ ከሁለት ሰዓት በታች እገባለሁ ብዬ ተናግሬያለሁ። በቅርቡ 10 ኪሎ ሜትር በ56 ደቂቃ ሮጫለሁ። የልምምድ ደብተሬን ፎቶ አንሥቼ ልኬልዎታለሁ። ያመለጠኝን ማካካስ እችላለሁ? ካልቻልኩስ ብተወው አይሻልም? መ.፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ እህቴ መ.፣ ውድድሩን አትተዪው። ማካካሱን ግን ተዪው።

ደብተርሽን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አንብቤዋለሁ፤ አንቺ ካነበብሽበት መንገድ በተለየ ሁኔታ ያነበብኩት ይመስለኛል። በጾሙ ወራት ማታ ማታ፣ ሳትበዪ የሮጥሽውን «ደካማ» እያልሽ ጽፈሻል። ከባንክ ወጥቶ፣ ምግብ ሳይቀምሱ፣ ከጊዮርጊስ ተነሥቶ በሐይቁ ዳር እስከ ዓባይ ድልድይ ደርሶ መመለስ ደካማነት አይባልም። ያን ጊዜ ሰዓትሽ የዘገየው ጉልበት የሚሆን ነገር በሆድሽ ስላልነበረ ነው። እነዚያን ገጾች ከስሌቱ አውጪያቸው። ከገና ማግሥት ያለችውን ቅዳሜ ተመልከቺ፦ ወደ ዘንዘልማ በሚወስደው መንገድ 15 ኪሎ ሜትር፣ በ1 ሰዓት ከ38 ደቂቃ፤ ከጎኑ «መጨረሻው ቀለለኝ» ይላል። ሁለት ወር የሠራሽው እዚያች መስመር ላይ ይታያል። ከዚያ በኋላ ባሉት ቅዳሜዎች «ሰርግ» ከሚል ቃል በቀር የተጻፈ የለም። በጥር ማንም ዘመድ ያለው ሰው ይህ ይገጥመዋል፤ አልወቅስሽም። ግን እነዚያ ያልተሮጡ ረጃጅም ሩጫዎች ግብሽን ዋጋ ያስከፍሉታል።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ። 21.0975 ኪሎ ሜትር በሁለት ሰዓት ለመጨረስ እያንዳንዱን ኪሎ ሜትር በ5 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ መሮጥ አለብሽ። የ10 ኪሎ ሜትር ሩጫሽ በአማካይ 5 ደቂቃ ከ36 ሰከንድ ነበር። በኪሎ ሜትር አምስት ሰከንድ ብቻ ዘግይተሽ ርቀቱን ከእጥፍ በላይ ልታደርጊው ነው። ፒት ሪግል የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ያወጣው፣ አሰልጣኞች ዛሬም የምንጠቀምበት ቀመር አለ፤ ርቀቱ ሲጨምር ሰዓቱ ምን ያህል እንደሚረዝም ይገምታል። የአንቺን 56 ደቂቃ ሳስገባበት 2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ተኩል ገደማ ሰጠኝ። ይህም ቢሆን ረጅሙን ልምምድ በሚገባ ለጨረሰ ሰው ነው። ስለዚህ ለዚህ ውድድር ግብሽ 2 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ይሁን። ሁለት ሰዓት የመጣው ከወሬ ነው፤ ይሄኛው የወጣው ከራስሽ ደብተር ነው።

ይህን ስልሽ ቅር እንደሚልሽ አውቃለሁ። ለተሰንበት ግደይ በ2021 ቫሌንሲያ ላይ በ1 ሰዓት ከ2 ደቂቃ ከ52 ሰከንድ፣ ዮሚፍ ቀጀልቻ ደግሞ እዚያው ከተማ በ2024 በ57 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ የጨረሱበት ርቀት ነው። በእንዲህ ያለ አገር የሚኖር ሰው 2 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ብሎ መናገር ያሳፍረዋል። ማፈር የለብሽም! ቀኑን ሙሉ መስኮት ላይ ተቀምጣ ገንዘብ ስትቆጥር የምትውል ሴት 21 ኪሎ ሜትር ሳትቆም ስትሮጥ፣ እኔ በበኩሌ ከመቀመጫዬ ተነሥቼ የማጨበጭበው ነገር ነው።

ማካካስ ለምን እንደማይሆን ላስረዳሽ። አንድ ከባድ ልምምድ ጥቅሙ በሰውነት ላይ የሚታየው ከዐሥር ቀን እስከ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ነው። በመጨረሻው ሳምንት የምትጨምሪው ሁሉ ድካም ብቻ ሆኖ ወደ መነሻው መስመር አብሮሽ ይሄዳል። በሌላ በኩል፣ በአንድ ሳምንት ጉንፋን የሚጠፋው ብቃት ጥቂት ነው። አንድ ነገር ግን አደራ፦ ትኩሳት ነበረሽ ወይስ አልነበረሽም? በደብዳቤሽ አልነገርሽኝም። ጣና ዳር እየኖርን ትኩሳትን ጉንፋን ነው ብለን አናልፍም፤ ወባ አለ። ትኩሳት ከነበረሽ ደም ሳትመረመሪ ጫማሽን እንዳታስሪ። ሳሉ ደረትሽ ውስጥ ከሆነም እስኪለቅሽ አትሩጪ።

ጤነኛ ከሆንሽ፣ በዚህ ቅዳሜ 17 ኪሎ ሜትር እጅግ በዝግታ ሩጪ፤ ከሰው ጋር እያወራሽ የምትሮጪበት ፍጥነት ይሁን። የቤዛዊትን ዳገት ለዚህ ቀን አትምረጪው፣ የሐይቁ ዳር ሜዳ ይበቃሻል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ወደ 12 ዝቅ በይ። በመጨረሻው ሳምንት ከጉዞው በፊት ሁለት ቀን ብቻ፣ ግማሽ ግማሽ ሰዓት፤ በየመካከሉ ለአንድ ደቂቃ ያህል ጥቂት ጊዜ ፈጠን እያልሽ። ጾመ ነነዌም በዚህ መሃል ስለሚገባ ሦስቱን ቀናት የዕረፍት ቀናትሽ አድርጊያቸው፤ ጾሙም ሩጫውም አይጎዱም።

የውድድሩ ቀን የሚያስፈራኝ የመጀመሪያው ሁለት ኪሎ ሜትር ነው። ሙዚቃው፣ ጭፈራው፣ ጎንሽ የሚፈተለከው ወጣት ሁሉ ይዞሽ ሊሄድ ይፈልጋል። የመጀመሪያዎቹን 5 ኪሎ ሜትሮች በ30 ደቂቃ ሩጫቸው፤ ብዙ ሰው ያልፍሻል፣ ይለፍሽ። ከዚያ ኪሎ ሜትሩን በ5 ደቂቃ ከ55 ሰከንድ ያዢ። 10 ኪሎ ሜትር ላይ ሰዓትሽ 59 ደቂቃ ከ35 ሰከንድ፣ 15 ላይ 1 ሰዓት ከ29 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ማሳየት አለበት። ሦስቱን ቁጥሮች በእስክሪብቶ ክንድሽ ላይ ጻፊያቸው። ከ16 በኋላ እግርሽ እሺ ካለሽ ልቀቂው፤ ከ2:05 በታች የሚገኘውም እዚያ ነው። ውኃ በፕላስቲክ ኩባያ ከሰጡሽ አፉን ጨምቀሽ አጥብቢውና በትንሽ በትንሹ ጠጪ። ሁለት ሰዓት ለሚጠጋ ሩጫ ጣፋጭ ነገርም ያስፈልጋል፤ ፍሬው የወጣ ቴምር በኪስሽ ያዢ፤ ግን ሆድሽ መቀበሉን በዚህ ቅዳሜ ሞክሪው።

ጠዋት ከውድድሩ ሁለት ሰዓት ተኩል ቀደም ብለሽ ዳቦ በማር ብዪ። በርበሬ ያለበት ነገር አይሆንም። ስለ ከፍታው አትጨነቂ፤ ባሕር ዳር 1,800፣ ሐዋሳ 1,700 ሜትር አካባቢ ስለሆኑ ልዩነቱን ሳንባሽ አያውቀውም። የሚያደክምሽ ጉዞው ነው። በአውቶቡስ ከሆነ የምትሄጂው ዓርብ ማታ ሐዋሳ ግቢ፤ በየማረፊያው ወርደሽ እግርሽን አንቀሳቅሺ፤ ቅዳሜ ጠዋት በውድድሩ ጫማ ሃያ ደቂቃ ቀስ ብለሽ ሩጪና ቀኑን አርፈሽ ዋዪ።