ሐረጎን ስወጣ ጉልበቴን ያመኛል

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። በሳይክል ወደ ደሴ ስወጣ፣ ሐረጎ ዳገት ላይ ጉልበቴን ከፊት በኩል ያመኛል። ውጭ አገር በካሜራ እየለኩ ሳይክሉን በሰው ልክ ያስተካክላሉ የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ። እውነት ነው። ትከሻ፣ ክርን፣ ዳሌ፣ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ላይ ምልክት ይለጠፋል። አንተ ፔዳል ስትመታ ካሜራው ምልክቶቹን እየተከተለ የመገጣጠሚያህን ማዕዘን ያሰላል። ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። ሰው ቆሞ ሲለካና ሲነዳ አንድ አይደለም። ሲነዳ ዳሌው ይንሸራተታል፤ ሲደክመው ተረከዙ ይወርዳል።

የፊት ጉልበት ሕመም ብዙ ጊዜ የሚመጣው መቀመጫው ዝቅ ሲል ነው። እኔንም ሁለት ዓመት አሠቃይቶኛል። የዳነልኝ መቀመጫውን 2 ሳንቲሜትር ከፍ ሳደርገው ነው።

ግድግዳ ተደግፈህ ተቀመጥ። ተረከዝህን ፔዳሉ ላይ አድርግና ወደ ታች ጨርሰህ ግፋው። እግርህ ቀጥ ማለት አለበት። በእግርህ ፊት ስትረግጠው ደግሞ ጉልበትህ ከ25 እስከ 35 ዲግሪ ያህል ይታጠፋል። ከዚያ ትንሽ ነድተህ ሰውነትህ ሲሞቅ፣ ጓደኛህ ከጎን በስልክ ይቅረጽህ፤ ስልኩን ዳሌህ ትክክል ይያዘው። ቪዲዮውን አዝግመህ እየው። መቀመጫውን በአንዴ ከ5 ሚሊሜትር በላይ አታንሳው። ዳሌህ ግራ ቀኝ ከተወዛወዘ በዝቷል፣ መልሰው።

ጉልበትህ ካበጠ ግን ሳይክሉን ተወውና መጀመሪያ ሐኪም ይየው።