ከተንታኙ ጀርባ የሚከፍለው ማን ነው? ስውር የውጭ ገንዘብን በተመለከተ ጥያቄና መልስ

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 4 ቀን 2024 የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር አርቲ በተባለው የሩሲያ መንግሥት ጣቢያ ሁለት ሠራተኞች ላይ ክስ መመሥረቱን ካስታወቀ ወዲህ፣ የበይነ መረብ የፖለቲካ ተንታኞችን ገቢ የሚመለከቱ ጥያቄዎች በርክተዋል። ከእናንተ የደረሱኝን እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ክሱ በአጭሩ ምን ይላል?

መልስ፦ ሁለቱ ሠራተኞች 10 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ በቱርክ፣ በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶችና በሞሪሺየስ ባሉ የይስሙላ ኩባንያዎች በኩል አሳልፈው፣ መቀመጫውን በቴነሲ ግዛት ላደረገ የቪዲዮ ድርጅት አድርሰዋል ይላል። ሰነዱ ድርጅቱን በስም ባይጠራም፣ ቴኔት ሚዲያ መሆኑን ጋዜጠኞች ከዝርዝሩ ተነሥተው ወዲያው ለይተውታል። ወደ 2,000 የሚጠጉ ቪዲዮዎቹ በዩቲዩብ ብቻ ከ16 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ታይተዋል። ክሱ ሲመሠረት ተከሳሾቹ በአሜሪካ እጅ አልነበሩም፤ ስለዚህ ከሰነዱ የምጠቅሰውን ሁሉ በችሎት ያልተረጋገጠ ውንጀላ አድርጋችሁ ያዙልኝ።

ጥያቄ፦ ተንታኞቹ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ያውቁ ነበር?

መልስ፦ ከድርጅቱ ጋር ይሠሩ የነበሩት አሜሪካውያን ተንታኞች ቲም ፑል፣ ዴቭ ሩቢንና ቤኒ ጆንሰን ተታልለናል ብለዋል፤ አልተከሰሱምም። ሰነዱም «ኤድዋርድ ግሪጎሪያን» የሚባል፣ በእውን የሌለ ባለሀብት ተፈጥሮ እንደቀረበላቸው ያትታል። ይሁንና ከተንታኞቹ አንዱ በሳምንት ለአራት ቪዲዮ በወር 400,000 ዶላር ሊከፈለው እንደተዋዋለ እዚያው ተጽፏል። ይህን ያህል ገንዘብ የሚያወጣ ሰው ማንነት በአንድ ገጽ የሕይወት ታሪክ የሚታለፍ ጉዳይ አልነበረም። አለማወቃቸው ከሕግ ተጠያቂነት ሊያድናቸው ይችላል፤ በሚያምናቸው አድማጭ ፊት ግን መጠየቃቸው አግባብ ነው ብዬ አምናለሁ።

ጥያቄ፦ ምን እንዲሉ ያዘዛቸው ከሌለ ጉዳቱ ምኑ ላይ ነው?

መልስ፦ ከቀረቡልኝ ሁሉ እጅግ የሚያሳስበኝ ጥያቄ ይህ ነው። ስውር ከፋይ አብዛኛውን ጊዜ አዲስ ሐሳብ በሰው አፍ ማስገባት አያስፈልገውም፤ ቀድሞውንም የሚስማማውን ነገር የሚናገረውን ሰው መርጦ፣ ሌሎች ተንታኞች በራሳቸው አቅም ሲፍጨረጨሩ፣ እሱ ያለ ኑሮ ሐሳብ ዕለት ዕለት እንዲናገር ማድረግ ይበቃዋል። ተናጋሪው የገዛ እምነቱን በቅንነት እየተናገረ ሳለ፣ የትኛው ድምፅ ይበልጥ እንደሚሰማ የሚወስነው ሕዝብ የማያውቀው ሰው ይሆናል። ግንኙነቱ ከጠና በኋላ ደግሞ አነስ ያለ ውለታ ይጠየቃል። እ.ኤ.አ. በማርች 2024 ሞስኮ ውስጥ በአንድ የሙዚቃ አዳራሽ ላይ ጥቃት ሲደርስ ኃላፊነቱን የወሰደው እስላማዊ መንግሥት ነኝ የሚለው ቡድን ነበር፤ ሆኖም ከተከሳሾቹ አንዷ ጣት ወደ ዩክሬንና ወደ አሜሪካ እንዲቀሰር ድርጅቱን እንደጠየቀች፣ አንድ ተንታኝ ጉዳዩን በደስታ እንደሚያነሣው ምላሽ እንደተሰጣት ክሱ ይገልጻል። አድማጩ ይህ ልመና መኖሩን ቢያውቅ ኖሮ ትንታኔውን በጥርጣሬ ይሰማው ነበር፤ የተነጠቀውም ይህንኑ የመመዘን ዕድል ነው።

ጥያቄ፦ እንዲህ የሚያደርጉት ሩሲያውያን ብቻ ናቸው?

መልስ፦ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1950 በርሊን ላይ የተመሠረተውን የባህል ነፃነት ጉባኤ የተባለ የምሁራን ማኅበር በስውር ይደጉም የነበረው የአሜሪካው ሲአይኤ ነው። ጉባኤው ይደግፈው የነበረው የለንደኑ ኢንካውንተር መጽሔት የገንዘብ ምንጭ በ1967 ሲጋለጥ፣ ገጣሚው ስቲቨን ስፔንደር አላውቅም ነበር ብሎ አዘጋጅነቱን ለቀቀ። ወደ ምሥራቅ አውሮፓ ያሰራጭ የነበረው ነፃ አውሮፓ ራዲዮም እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ከዚያው መሥሪያ ቤት በስውር ይደጎም ነበር።

ጥያቄ፦ ዶይቸ ቬለስ ከመንግሥት ገንዘብ ያገኝ የለም?

መልስ፦ ያገኛል፤ ነገር ግን በይፋ ነው። የአሜሪካው እ.ኤ.አ. የ1938 የውጭ ወኪሎች ምዝገባ ሕግም ቢሆን የውጭ ገንዘብን አይከለክልም፤ ወኪሉ እንዲመዘገብና ለማን እንደሚሠራ እንዲያሳውቅ ያዛል። ለአርቲ አሜሪካ ፕሮግራም ያዘጋጅ የነበረው ኩባንያ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2017 ተመዝግቧል።

ጥያቄ፦ አነስተኛ ቻናል አለኝ፤ አንድ የማላውቀው ድርጅት ጥሩ ክፍያ አቀረበልኝ። ምን ልጠንቀቅ?

መልስ፦ የመጨረሻው ከፋይ ማን እንደሆነ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ክፍያ መቀበልዎን ለተመልካች የመግለጽ መብትዎም በውሉ ይካተት። እ.ኤ.አ. በ2021 ፋዜ የተባለ ድርጅት ለፈረንሳይና ለጀርመን ዩቲዩበሮች የፋይዘርን ክትባት እንዲያጥላሉ ገንዘብ ሲያቀርብ፣ ሥራው የተከፈለበት መሆኑን እንዳይናገሩ አሳስቧቸው ነበር። ጉዳዩን አደባባይ ያወጡት ራሳቸው ዩቲዩበሮቹ ናቸው። ክፍያውን ደብቅ የሚል ደንበኛ ሲገጥምዎ ሌላ ምልክት አይጠብቁ።

ጥያቄ፦ የማንስማማበትን ተንታኝ «የበላበትን ነው የሚጮኸው» ብንለው ምን ችግር አለው?

መልስ፦ ማስረጃ ከሌለ ትልቅ ችግር አለው። የአንድ ሰው አቋም ከአንድ መንግሥት ፍላጎት ጋር መግጠሙ ተከፍሎታል አያሰኝም፤ እንዲያ ካልን ማንኛውንም ተቃዋሚ ድምፅ በአንድ ቃል ዝም ማሰኘት ይቻላል። በቴኔት ጉዳይ እንኳ ክሱ የቆመው በባንክ ዝውውርና በመልእክት ልውውጥ ላይ እንጂ በተንታኞቹ አመለካከት ላይ አይደለም።