ስድስተኛው ሳምንት ላይ ምን ልሥራ?

ለአምዱ አዘጋጅ፦
በየሳምንቱ አንድ አዲስ ምግብ ሠርቼ ቅዳሜ ለቤተሰብ ለማቅረብ ቻሌንጅ ከገባሁ አምስት ሳምንት ሆነኝ። ሦስቱ ደህና ወጡ። በአራተኛው ማዮኔዝ ስመታ ዘይቱ ተለየብኝና ደፋሁት። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ዳቦው ኩፍ ሳይል ድንጋይ ሆነ። ዱቄቱን በአራት ኩባያ ሰፍሬ፣ እርሾው ቶሎ እንዲነሳ ብዬ በሙቅ ውሃ ነበር ያቦካሁት፤ ሊጡ እጄን ሲይዘኝም ዱቄት ጨመርኩበት። ወደ ስድስተኛው ምግብ ልለፍ ወይስ ጭራሽ ልተወው?

መልስ፦
አይተዉት፤ ግን ወደ ስድስተኛውም አይለፉ። የሳምንቱ ሥራ ያው ዳቦ ይሁን። በየሳምንቱ ምግብ መቀያየር የምግብ ስም ያበዛል እንጂ ሙያ አይጨምርም።

ጥፋቱ ራሱ ደብዳቤዎ ውስጥ አለ። ኩባያ አይታመንም፦ ያው ኩባያ ዱቄቱ ተነፍቶ ሲገባ 120 ግራም፣ ተጠቅጥቆ ሲሞላ 150 ግራም ሊይዝ ይችላል። በአራት ኩባያ ልዩነቱ 120 ግራም ነው፤ ላዩ ላይ ሲጨምሩበት ሊጡ ደረቀ። ውሃው ደግሞ ጣት የማያስችል ከነበረ እርሾውን ገድሎታል፤ እርሾ 55 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይሞታል። ለብ ያለ ይበቃል።

ሚዛን ይግዙ። 500 ግራም ዱቄት፣ 350 ግራም ውሃ፣ 10 ግራም ጨው፣ 5 ግራም ደረቅ እርሾ። ይህ ሊጥ መጀመሪያ እጅ ይይዛል፣ መያዝም አለበት። ዱቄት ሳይሆን እጅዎን ውሃ እያስነኩ 10 ደቂቃ ያቡኩት። ከዚያ ሰዓቱን ይተዉና ሊጡን ይዩ፦ እጥፍ ሲሆን በጣት ጫን ያድርጉት። ጉድጓዱ ወዲያው ከሞላ ገና ነው፤ ቀስ ብሎ በከፊል ከተመለሰ ደርሷል። ቅርጽ ሰጥተው 40 ደቂቃ ገደማ ያሳርፉትና በ230 ዲግሪ 35 ደቂቃ ያህል ይጋግሩ፤ ቴርሞሜትር ካለዎት መሃሉ 95 ዲግሪ ይድረስ።

ማክሰኞ ግማሹን መጠን ይሞክሩ፣ ቅዳሜ ሙሉውን። በመካከሉ አንድ ነገር ብቻ ይቀይሩ፤ ውሃውንም ሙቀቱንም አንድ ላይ ከነኩ የትኛው እንደሠራ አያውቁም። ደብተር ላይ እንዲህ ይበቃል፦ «ማክሰኞ፣ ዱቄት 250፣ ውሃ 175፣ ክፍሉ 22 ዲግሪ፣ ኩፍ ያለው በ1 ሰዓት ከ50 ደቂቃ»። የቤተሰቡን ጠረጴዛ ለሙከራ አያድርጉት፤ ቅዳሜ የሚቀርበው ማክሰኞ የተፈተነው ነው።

ማዮኔዙ? መድፋት አልነበረብዎትም። ዘይቱ በአንዴ ሲፈስ ጠብታዎቹ አስኳሉ ሳይሸፍናቸው ተገናኝተው ይዋሃዳሉ፣ ያኔ ይለያል። ለአንድ አስኳል 150 ሚሊ ሊትር ዘይት ቢያስቡ፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ማንኪያ ጠብ ጠብ እያደረጉ ይምቱ፤ ሲወፍር በቀጭኑ ያፍስሱ። ከተለየ በንጹህ ሳህን ሌላ አስኳል ይዘው፣ የተበላሸውን በሻይ ማንኪያ በሻይ ማንኪያ እየጨመሩ ይምቱት፤ ይመለሳል።