መልስ፦ ለዕረፍት ባሕር ዳር ሄደን ጠዋት አብረን ልናነብ ነው፤ የመዝሙሮቹ ቁጥር በእናቴ ዳዊት (መዝሙረ ዳዊት) እና በልጆቼ ስልክ ላይ ለምን አይገጥምም?

ስልኩ አልተበላሸም፤ እናትዎም አልተሳሳቱም። የእናትዎ ዳዊት የሰብዓ ሊቃናትን (የጥንቱን የግሪክ ትርጉም) አቆጣጠር ይከተላል፤ ልጆችዎ በስልክ የጫኑት መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ የዕብራይስጡን። ዕብራይስጡ 9 እና 10 ብሎ የከፈለው በሰብዓ ሊቃናት አንድ መዝሙር ነው፤ መዛነፉ ከዚያ ይጀምራል።

ስለዚህ ለዕረፍት ባሕር ዳር ሄዳችሁ ጠዋት አብራችሁ ስታነቡ እንዲህ አድርጉ፦

1. እናትዎ ከ10 እስከ 112 ካለው ሲጠሩ ልጆቹ አንድ ይጨምሩ። «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» በእናትዎ 22፣ በስልኩ 23 ነው። 50ው 51፣ 90ው 91 ይሆናል። እናትዎ ሰኞ ከ1 እስከ 30 የሚደግሙ ከሆነም ልጆቹ የሚያበቁት 31 ላይ ነው።

2. ከ116 እስከ 145ም እንዲሁ።

3. ከ113 እስከ 115፣ እንዲሁም 146 እና 147 ላይ መከፈልና መቀላቀል ስላለ ሒሳቡን ትታችሁ በመጀመሪያው ስንኝ ፈልጉ። ከ148 እስከ 150 እኩል ነው። 151ኛውን በስልኩ ብታጡት አትገረሙ፤ ብዙዎቹ አያካትቱትም።

አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ። በእኛ ቤት ልጄ «አቤቱ፥ ማረኝ» እያለ የኳስ ውጤት ብቅ አለበትና ሳቀ፤ አያቱ መነጽራቸውን አውልቀው ዝም ብለው አዩት፤ የዚያን ዕለት ንባብ በዚያው ተቋረጠ። ከቤት ሳትወጡ ጽሑፉን አውርዱ (የሆቴል ዋይፋይ አያስተማምንም)፤ ስታነቡ ደግሞ ስልኩን በአውሮፕላን ሁነታ ላይ አድርጉት።